ከቃጠሎ በኋላ የመጀመሪያው ክረምት
እሳት የበላውና ጎርፍ የጠረገው ደጋ እንዴት ያገግማል?

ከደሴ ከተማ በስተ ምዕራብ፣ በዓባይና በበሽሎ ወንዞች ሸለቆዎች አቅጣጫ ተንጣሎ የሚገኘው የመካነ ሰላም፣ የቦረናና የሳይንት ደጋ ሁለት ጠላቶች ይፈራረቁበታል። በበጋው ወራት እሳት፣ በክረምቱ ወራት ጎርፍ ነው። አንዱ ደረቅ፣ ሌላው እርጥብ በመሆናቸው የማይገናኙ ይመስላሉ። ይሁን እንጂ በቁልቁለት ላይ ለሚኖር ገበሬ እሳቱ ለጎርፉ መንገድ ጠራጊ ነው። በመጋቢት ልብሱን የተገፈፈ ተራራ በሐምሌ አፈሩን ይገፈፋል።

እሳቱን ለማጥፋት ሕዝቡ ተጠራርቶ ይወጣል። ቅጠል ቆርጦ፣ አፈር በትኖ፣ ሌሊቱን አድሮ ያጠፋዋል። በዚህ ረገድ የደጋው ገበሬ አይታማም። ከባዱ ጉዳይ የሚመጣው ግን እሳቱ ከጠፋ በኋላ ነው። የመጀመሪያው ዝናብ እንዳካፋ ጥቁሩ መሬት አረንጓዴ ይለብሳል። በዚያ ሰሞን ጭዱ አልቋል፤ ከብቱ ከስቷል፤ በሬው ደግሞ ለእርሻ የሚፈለግበት ጊዜ ነው። ስለዚህም በስብሰባ ላይ «ሣሩ በቅሏል፤ ከብቶቻችን ይግቡ» የሚል ጥያቄ ይነሣል። ጥያቄው የተራበ ከብት ያለው ሰው ጥያቄ ስለሆነ እንደ ቀላል የሚታይ አይደለም። ነገር ግን መሪዎች ለዚህ ጥያቄ የሚሰጡት መልስ ያ ተራራ ለመጪዎቹ አሥርና ሃያ ዓመታት ደን እንዲሆን ወይም ቦረቦር እንዲሆን ይወስናል።

የሚጠፋው ምንድን ነው?

በዚህ አካባቢ ከሁሉ በፊት የሚጠቀሰው የተፈጥሮ ሀብት ቀድሞ ደንቆሮ ጫቃ እየተባለ ይጠራ የነበረው ደን ነው። ደኑ በ2001 ዓ.ም. የቦረና ሳይንት ብሔራዊ ፓርክ ተብሎ የተከለለ ሲሆን፣ ኋላም ክልሉ ሰፍቶ የቦረና ሳይንት ወረሂመኖ ብሔራዊ ፓርክ ተብሏል። ከታች በኩል ወይራ፣ ጽድና ኮሶ፣ ከፍ ሲል አስታና አምጃ፣ ከዚያም በላይ ጓሳና ጅብራ ይገኙበታል። ቀይ ቀበሮ፣ ጭላዳ፣ ድኩላ፣ ሰስና ነብር ይኖሩበታል። ቀይ ቀበሮ በዓለም ላይ ከኢትዮጵያ በስተቀር በየትም አይገኝም፤ ለአካለ መጠን የደረሱት በጠቅላላው ከ500 እንደማይበልጡ ይገመታል።

ለገበሬው ግን ደጋው የአውሬ መኖሪያ ብቻ አይደለም። ዝናቡን ተቀብሎ በጓሳውና በአስታው ሥር አስርጎ፣ በበጋ በምንጭ መልክ የሚመልሰው ይኸው ከፍተኛ ቦታ ነው። ጫፉ ሲራቆት ከታች ያለው ምንጭ ይደርቃል፤ በክረምት ደግሞ ያው ውኃ ሳይሰርግ በአንድ ጊዜ ጎርፍ ሆኖ ይወርዳል። ስለዚህ የደጋው ቃጠሎ የደጋው ነዋሪ ጉዳት ብቻ ሳይሆን፣ በወይና ደጋውና በቆላው የሚያርሰውም ሰው ጉዳት ነው።

እሳት የማይደርስበት ሥር

የተቃጠለ ተራራ ሁሉ የሞተ አይደለም። አፈር ሙቀትን ቶሎ አያሳልፍም። እሳቱ በላይ እየነደደ ቢያልፍም፣ በአንድ ቦታ ላይ ረጅም ሰዓት ካልቆየ በስተቀር፣ ጥቂት ጣት ያህል ዝቅ ብሎ ያለው ሥርና ዘር ሊተርፍ ይችላል። ፍልፈልና አይጥ በጉድጓዳቸው ውስጥ ሆነው ያመልጣሉ። በእነርሱ የሚኖረው ቀይ ቀበሮም ምግቡን ጨርሶ የማያጣው በዚህ ምክንያት ነው።

እጽዋቱ የሚያገግሙበት መንገድ ግን የተለያየ ነው። ይህን ለይቶ ማወቅ ለመሪዎች ብዙ ድካም ያቃልላል።

ጓሳ የሚያድገው ከሥሩ አጠገብ ስለሆነ ላዩ ቢቃጠልም ከጉጦው ተመልሶ ይበቅላል። አስታ ከመሬት ጋር በተያያዘው ወፍራም ሥሩ ውስጥ ስንቁን ስለሚያከማች፣ ግንዱ ቢከስልም ከታች ያቆጠቁጣል። ወይራም ጉቶው ካልሞተ ያቆጠቁጣል። ክትክታንና ግራርን የመሳሰሉት ደግሞ ዘራቸው ጠንካራ ቅርፊት ያለው በመሆኑ ሙቀት ሲነካው ይከፈትና በዝናብ ይበቅላል። ኮሶ ብርሃን ስለሚወድ ጥላው በተነሣለት ገላጣ ቦታ ላይ ችግኙ ይወጣል።

በሌላ በኩል ጽድ ከተቃጠለ ወይም ከተቆረጠ ከጉቶው አያቆጠቁጥም። የሚመለሰው በዘር ብቻ ነው፤ ዘሩንም የሚያመጡለት ፍሬውን የሚበሉ ወፎች ናቸው። ጅብራም ከዚህ የተሻለ ዕድል የለውም። ብዙ ዓመት ቆይቶ አንድ ጊዜ ብቻ አብቦና ዘርቶ የሚሞት ተክል ስለሆነ፣ ሳያብብ እሳት ከበላው ዘር ሳይተካ ይቀራል። ስለዚህ «ከተቃጠለ በኋላ ሁሉም ራሱ ይመለሳል» ማለትም፣ «ከተቃጠለ አበቃለት» ማለትም ሁለቱም ስሕተት ነው።

የሚያቆጠቁጠውም ተክል ቢሆን የሚያቆጠቁጠው በስንቁ ነው። የመጀመሪያውን ለምለም ቅጠል ያወጣው ባከማቸው ምግብ እንጂ አዲስ ሠርቶ አይደለም። ያ ቅጠል ፀሐይ ተቀብሎ ሥሩን መልሶ መመገብ ሲጀምር ነው ተክሉ ተረፈ የሚባለው። ከዚያ በፊት ከብት ከበላው፣ ከቀረው ስንቅ ሌላ ያወጣል። እንደገና ከተበላ ወይም በሁለተኛው ዓመት እሳት ከደገመው ስንቁ አልቆ ይሞታል። ጎተራውን ለዘር ሳያስቀር የጨረሰ ገበሬ የሚደርስበት ይኸው ነው።

አመዱ እስከ መቼ ያገለግላል?

ከቃጠሎ በኋላ የሚወጣው ሣር ጥቁር አረንጓዴ ሆኖ ሲያምር፣ ብዙ ሰው እሳት መሬቱን አዳበረው ብሎ ያምናል። በከፊል እውነት ነው። አመዱ ውስጥ ለተክል የሚጠቅሙ ማዕድናት አሉ። ነገር ግን ለሣርና ለእህል ዋና ከሆነው ከናይትሮጅን አብዛኛው በጭሱ ሄዷል። አፈሩን የሚያያይዘው የበሰበሰ ቅጠልም ነዷል። አፈር ከምሮ በማቃጠል ገብስ የሚዘራ ገበሬ ይህን በሚገባ ያውቀዋል። የመጀመሪያው ዓመት ምርት ጥሩ ይሆናል፤ ከዚያ በኋላ መሬቱ እየደከመ ሄዶ ለብዙ ዓመታት እንዲያርፍ ይተዋል።

ከዚህም በላይ አመድ ቀላል ነው። ነፋስ ያነሣዋል፤ የመጀመሪያው ኃይለኛ ዝናብ ጠርጎ ይወስደዋል። በአፈሩ ላይ ከቀረም ቀዳዳውን እየደፈነ ውኃ እንዳይሰርግ ያደርጋል። በቁልቁለት ላይ የአመድ ጥቅም የሚዘልቀው ባለበት እንዲቆይ የሚያደርገው ነገር ካለ ብቻ ነው።

ጎርፍ የሚወስደው አይመለስም

ሣር በአንድና በሁለት ክረምት ይመለሳል። ቁጥቋጦ በጥቂት ዓመታት፣ ደን በአሥርተ ዓመታት ይመለሳል። አፈር ግን በአንድ ሰው ዕድሜ አይተካም። ከቃጠሎና ከጎርፍ ጉዳት ሁሉ ይህ የከፋ የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

ከአንድ ሄክታር ላይ የአንድ ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው አፈር ቢጠረግ 10 ሜትር ኩብ ይሆናል። ይህም ከ100 ኩንታል የማያንስ ክብደት አለው። አንድ ሚሊ ሜትር በዓይን አይታወቅም፤ ገበሬውም መሬቱ የሄደ አይመስለውም። ቀስ በቀስ ድንጋዩ ብቅ ሲል «መሬቱ ድንጋይ አበቀለ» ይባላል። መሬት ግን ድንጋይ አያበቅልም። የሆነው ነገር አፈሩ መሄዱ ነው። በ1980ዎቹ በአፈር ጥበቃ ምርምር የተደረገው ግምት፣ በኢትዮጵያ ከሚታረሰው መሬት በዓመት በአማካይ ከአንድ ሄክታር 42 ቶን ወይም 420 ኩንታል አፈር እንደሚታጠብ ያመለክታል።

ይህን ጉዳይ ለመለካት ከተቋቋሙት ጣቢያዎች አንዱ በዚያው በደቡብ ወሎ የሚገኘው የማይባር ጣቢያ ነው። በ1970ዎቹ የተቋቋመው ይህ ጣቢያና ሌሎቹ መሰሎቹ ካሳዩት ቁም ነገር አንዱ፣ ከዓመቱ ጥፋት አብዛኛው የሚደርሰው በጥቂት ኃይለኛ ዝናቦች መሆኑ ነው። ይህም የሚብሰው መሬቱ ገና ሽፋን ባላገኘበት በክረምቱ መግቢያ ነው። የተቃጠለ ተራራ ደግሞ በዚያው ሰሞን ራቁቱን ይገኛል።

የተራቆተ ተራፋሰስ ምን እንደሚያደርስ በ1998 ዓ.ም. ክረምት በድሬዳዋ ታይቷል። ከከተማው በላይ ባሉት ተራሮች የጣለው ዝናብ በሌሊት ደቻቱን ሞልቶ ወርዶ ከ200 በላይ ሰዎችን ገድሏል። ዝናቡ የጣለው ከላይ ነው፤ ያለቀው ግን ከታች ያለው ሕዝብ ነው።

ጎርፍ ያለፈበት መሬትም እንደ ተቃጠለው ሁሉ መታየት ያለበት በየዓይነቱ ነው። ለስላሳ ደለል የተኛበት ሜዳ በሚቀጥለው ዓመት ጥሩ ምርት ሊሰጥ ይችላል። አሸዋና ጠጠር የተኛበት ግን ጠጠሩ ተለቅሞ፣ ፍግ ተጨምሮበት፣ በሣርና በጥራጥሬ እያረፈ ካልሆነ ቶሎ አይድንም። አዲስ የተከፈተ ቦረቦር ደግሞ ዝም ከተባለ በየክረምቱ ራሱን ወደ ላይ እየቆፈረ ይሄዳል።

ከባሌ፣ ከስሜንና ከጓሳ የሚገኘው ትምህርት

በ1992 ዓ.ም. ከየካቲት እስከ ሚያዝያ በባሌና በኦሮሚያው ቦረና ደኖች የተነሣው ቃጠሎ በአገሪቱ ታሪክ ከታዩት ከባዶቹ አንዱ ነበር። ገበሬው፣ ወታደሩና ከአዲስ አበባ የሄደው ተማሪ ሁሉ ተረባርቦበታል፤ ከውጭ አገርም የእሳት አደጋ ባለሙያዎች መጥተዋል። እንዲያም ሆኖ ለመጥፋቱ ዝናቡ ትልቅ እርዳታ አድርጓል። በ2011 ዓ.ም. መጋቢትና ሚያዝያ ደግሞ የስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ጓሳና አስታ ነዶ፣ ሕዝቡ ለቀናት ሲዋጋው ከቆየ በኋላ ከኬንያ ሄሊኮፕተር፣ ከእስራኤልም የእሳት አደጋ ባለሙያዎች መጥተው ረድተዋል። ከሁለቱም የሚገኘው ትምህርት በከፍተኛ ተራራ ላይ እሳት አንድ ጊዜ ከተስፋፋ የሰው ኃይል ብቻውን እንደማይበቃ ነው። ጥበቃው ከመነሣቱ በፊት መሆን አለበት።

ከውጭ አገርም አንድ ምሳሌ ይጠቀሳል። በአሜሪካ የሎውስቶን በሚባለው ፓርክ በ1980 ዓ.ም. ክረምት የተነሣ እሳት ከፓርኩ አንድ ሦስተኛ በላይ የሚሆነውን አዳርሶታል። ብዙ ሰው ደኑ አለቀ ብሎ ነበር። ይሁን እንጂ አብዛኛው ችግኝ ሳይተከልለት በራሱ ዘር ተመልሷል። ይህን ሰምቶ «እንግዲያው እኛም እንተወው» የሚል ቢኖር ግን አንድ ነገር ማስተዋል ይገባዋል። በዚያ ፓርክ ውስጥ የሚያርስ ገበሬ፣ የሚሰማራ የቤት ከብት፣ እንጨት የሚለቅም ሰው የለም። ተፈጥሮ ያገገመው ዕረፍት ስለተሰጠው ነው። በእኛ ደጋ ይህ ዕረፍት በራሱ አይመጣም። ሰው መክሮና ተስማምቶ የሚሰጠው ነው።

ይህን መስጠት እንደሚቻል የሚያሳየው ምሳሌ ደግሞ በቅርብ ይገኛል። በሰሜን ሸዋ መንዝ የሚገኘው የጓሳ ምድር ቄሮ በሚባለው ጥንታዊ ሥርዓት ለብዙ መቶ ዓመታት ተጠብቆ ኖሯል። ባለ መብቶቹ መሬቱን ለተከታታይ ዓመታት ይዘጉታል፤ ጓሳው ሲደርስ በስምምነት ከፍተው ለቤት ክዳንና ለገመድ ያጭዳሉ፤ ከብት የሚገባውም ከዚያ በኋላ ነው። በ1967ቱ የመሬት አዋጅ ሥርዓቱ ቢቋረጥም፣ የአካባቢው ገበሬ ማኅበራት ጥበቃውን በአዲስ መልክ ተረክበውታል። ጓሳ ዛሬም በሕዝብ የሚጠበቅ ስፍራ ነው። ሥርዓቱ የዘለቀው ሰዉ መቼ እንደሚዘጋ ብቻ ሳይሆን መቼ እንደሚከፈትና ማን ምን እንደሚያገኝም አስቀድሞ ያውቅ ስለነበር ነው።

የዚህ ተቃራኒም ታይቷል። በ1970ዎቹ በወሎና በሌሎችም ክፍላተ ሀገር ለሥራ እህል እየተሰጠ ብዙ ተራራ ተከልሏል፤ እርከን ተሠርቷል፤ ችግኝ ተተክሏል። ብዙውም ቦታ አገግሞ ነበር። ነገር ግን በ1983 ዓ.ም. የመንግሥት ለውጥ ሲሆን ከተተከለው ደንና ከተከለለው ተራራ ብዙው ተቆረጠ፤ እርከኑም በየቦታው ፈረሰ። የቆረጠው ያው የተከለው ሰው ነው። የዛፉ ባለቤት ማን እንደሆነ፣ ሣሩስ ለማን እንደሚታጨድ በግልጽ አልተነገረውም ነበርና የእኔ ነው አላለም። ተራራን ዘግቶ ጥቅሙን ሳይነግሩ መተው ዕዳን ለሌላ ጊዜ ማስተላለፍ ነው።

ከእሳቱ ማግሥት ጀምሮ ምን ይደረግ?

አንደኛ፣ በመጀመሪያው ሳምንት መሪዎች ከሽማግሌዎችና ከልማት ሠራተኛው ጋር ሆነው የተቃጠለውን ቦታ ዞረው ይዩ። መሬቱ ጥቁር ሆኖ የሣሩ ጉቶ ከታየ ቃጠሎው ቀላል ነው። አመዱ ነጭ፣ አፈሩ ቀይ ሆኖ ከተገኘ እሳቱ ቆይቶበታል ማለት ነው። የአስታውንና የወይራውን ግርጌ ጥቂት ቆፍሮና ልጦ ማየት ይጠቅማል። ውስጡ እርጥብ ከሆነ ሕይወት አለው፤ ሊቆረጥ አይገባም።

ሁለተኛ፣ የወደቀውን ግንድና ጭራሮ ለማገዶና ለከሰል ጠራርጎ መውሰድ አይገባም። ቢያንስ በገደላማው ቦታ ላይ ግንዱ ቁልቁለቱን አግድሞ ቢጋደም አፈሩንና አመዱን ይይዛል፤ በሥሩም ዘር ይበቅላል።

ሦስተኛ፣ ክረምት ከመግባቱ በፊት ከተቃጠለው ቦታ በላይ የጎርፍ መቀልበሻ ቦይ ይውጣ። ሥራው ከላይ ተጀምሮ ወደ ታች ይውረድ። ከላይ ያለው ሳይያዝ ከታች በቦረቦሩ ውስጥ የሚሠራ ክትር በመጀመሪያው ጎርፍ ይፈርሳል። በዚህ የብዙ ሰው ጉልበት ባክኗል። ድንጋዩ ብቻውን ስለማይዘልቅ በእርከኑና በክትሩ ላይ ሣርና ቁጥቋጦ ይተከልበት።

አራተኛ፣ ቦታው ቢያንስ ለሁለት ክረምት ከከብት ይከለል። ሆኖም ሣሩ ይባክን ማለት አይደለም። በሁለተኛው ክረምት መጨረሻ፣ ዘሩ ከረገፈ በኋላ፣ ሣሩ በማጭድ ታጭዶ ለአባሎች በየድርሻቸው ይከፈል። ማጭድ ሣሩን ከላይ ይቆርጣል፤ ከብት ግን ለጋውን አስታ ይበላል፤ ችግኙንም በኮቴው ይረግጣል፤ እርጥቡን አፈር ያጠብቃል። ለመጀመሪያው ችግር ደግሞ የጓሮ መኖ መትከል፣ ጭድን በወቅቱ መከመር፣ ካልተቃጠለው የጋራ ግጦሽ ላይ ቤታቸው ለተጎዳባቸውና በሬ ላላቸው ችግረኞች ቅድሚያ መስጠት ይቻላል። ከብሔራዊ ፓርኩ ጋር በሚዋሰነው ቦታ ይህ ሁሉ ከፓርኩ ጥበቃ ጋር በመመካከር የሚፈጸም ነው።

አምስተኛ፣ ችግኝ ለመትከል አይቸኮል። በመጀመሪያው ዓመት ራሱ ምን እንዳበቀለ ታይቶ፣ ባልበቀለበት ቦታ ላይ በሁለተኛው ዓመት ይተከል። የጽድና የወይራ ዘር በየቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ግቢ ካሉት ሽማግሌ ዛፎች ሊለቀም ይችላል። የወይራ ፍሬ ሥጋው ተልጦ ድንጋዩ በጥንቃቄ ሲሰነጠቅ ቶሎ ይበቅላል። ችግኙ እንደ ደደሆና አጋም ባሉ ቁጥቋጦዎች ጥላ ሥር ቢተከል ከፀሐይም ከፍየልም ይድናል። ስለዚህ ቁጥቋጦን እንደ አረም ቆጥሮ መመንጠር ሞግዚቷን አባርሮ ሕፃኑን ለማሳደግ እንደ መሞከር ነው። ባሕር ዛፍ ፈጥኖ ቢያድግም ውኃ ወዳድ ነው፤ ቅጠሉም ዘይታም በመሆኑ እሳት ያፋፍማል። ቦታው ከምንጭና ከአገር በቀሉ ደን ራቅ ያለ ይሁን።

ስድስተኛ፣ የእሳቱ መነሻ ይታወቅ። ለማር ቆረጣ የተለኮሰ ጭስ፣ ለአዲስ ሣር ሲባል የተጫረ እሳት፣ የከሰል ጉድጓድ፣ የእረኛ ምድጃ የተለመዱት ናቸው። ከጥር እስከ ግንቦት ድረስ በተራ የሚጠብቅ ሰው መመደብ፣ ማር የሚቆርጠውም ከነጓደኛው ውኃና ቅጠል ይዞ እንዲሄድ በደንቡ ማስፈር፣ አንድ ሺህ ሰው አሰልፎ ተራራ ላይ ከማደር ይቀላል። ከዚያ በኋላ መጯጯህ «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» ነው።

እነዚህ ሥራዎች ሁሉ ከሕዝቡ ጉልበት ውጭ የሆኑ አይደሉም። በአማራ ክልል ከ2003 ዓ.ም. ጀምሮ ገበሬው በየዓመቱ በበጋ ወራት ወጥቶ በጉልበቱ የሠራው የተፋሰስ ልማት ሕዝቡ ከተስማማ ምን ያህል መሥራት እንደሚችል ያሳያል። የጎደለው ብዙ ጊዜ ከተሠራ በኋላ ያለው ጥበቃ ነው።

እንግዲህ በስብሰባው ላይ «ከብቶቻችን ይግቡ» የሚለው ጥያቄ ሲነሣ፣ መሪው «አይገቡም» ብሎ ብቻ ቢዘጋው፣ ከብቶቹ በሌሊት ይገባሉ። «ይግቡ» ቢልም የዚያኑ ዓመት ረሃብ አስታግሦ የልጆቹን መሬት ይሰጣል። የሚጸናው መልስ ቀን የተቆረጠለት መልስ ነው። ቦታው እስከ መቼ እንደሚዘጋ፣ ሣሩ መቼ እንደሚታጨድ፣ ለማን ስንት ሸክም እንደሚደርሰው፣ የጣሰው ምን እንደሚቀጣ በአባሎች ፊት ተነግሮ በመዝገብ ሲሰፍር፣ ባለ ከብቱ ራሱ ጠባቂ ይሆናል። አስታው ከሥሩ የሚያቆጠቁጥበት ስንቅ አለው። የሚያስፈልገው ሁለት ክረምት ብቻ ነው።